ስሪቱ ያልታወቀ እፍኝ

ሀላባ ቁሊቶ ውስጥ ሁለት ሰው ሲገናኝ፣ ሰላምታው እንዳለቀ የሚጠያየቀው ስለ መቶኛ ነው። "መቶኛሽ እንዴት ነው?" ይባላል። ልጆች፣ ከብት፣ የወገብ ሕመም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። በ2071 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሩቂያ ኑርሰቦ መቶኛ ዘጠና አንድ ነበር። መንገድ ላይ ለጠየቃት ሁሉ "ዘጠና አንድ፣ አልሐምዱሊላህ" እያለች፣ ደረቷንም ትንሽ ነፋ አድርጋ ነው የበርበሬ ግቢዋ በር ላይ የደረሰችው።

በሩ መዳፏን አየና አላስገባትም። እጇ ላይ የውጭ ቅባት እንዳለ ነገራት፤ ታጠቢም አላት። ወይ ጣጣ! ትናንት እህቷ ቤት እጇ ደርቆባት፣ መደርደሪያ ላይ ካገኘችው ብልቃጥ ነካ አድርጋ ነበር። ጎንበስ ብላ ባገር ሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበችና ገባች።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሃምሳ አራቱ አገሮች ተስማምተው ገበያቸውን አንድ ካደረጉ ወዲህ፣ እዚሁ አህጉር የተወለደ ዕቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ቀረጥ ይሄዳል። መወለዱን ማስረዳት ያቃተው ደግሞ እንደ ባዕድ ተቀርጦ፣ ዋጋው ሰማይ ነክቶ፣ ዞር ብሎ የሚያየው ይጠፋል። የሚያስረዳለት የስሪት ማኅተም ነው። ማኅተሙ እንዲሰጥ ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ውሃው፣ ጆንያው፣ ክሩ፣ የሠራተኛው እጅ ሳይቀር ተደምሮ፣ ከመቶው ሰማንያ አምስቱ የአህጉሩ መሆን አለበት።

ሰው ለምዶታል፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም። የሩቂያ ባል ሸረፋ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሸሚዝ ስለሚወድ ግቢው ውስጥ አይገባም። ሲፈልጋት ባጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግግና ያወራታል፤ ምሳ ምን እንደሚሠራ፣ ውሃ ቆጣሪው ስለ መበላሸቱ፣ ሁሉ ነገር በአጥር ላይ ነው። አይጥ የምትይዘው ድመት ሳትቀር የምስክር ወረቀት አላት፤ እናቷ ከዚሁ፣ አባቷ ከሻሸመኔ መሆኑ ተጽፎ በሩ ላይ ተለጥፏል። የቁሊቶ በርበሬ ከነዛላው ድንበር እየተሻገረ ስለሚያልቅ፣ ቁሊቶ ራሷ ወጥ የምትሠራው ከማላዊ በሚመጣ በርበሬ ነው። ርካሽ ነው። ስለ ጣዕሙ ግን በአደባባይ አይወራም፤ ሰው ያፍራል።

በዚያ ዓመት መባቻ ላይ ሩቂያ አንድ ብልጠት ሠርታ ነበር። የጆንያ አፍ የሚሰፋው ማሽን ሆዱ ውስጥ ያለ አንድ ጥርስ የውጭ ነበርና፣ ሦስት መቶኛ ይበላባት ነበር። ሸጠችው። በምትኩ እትዬ ሸምሲያን በመርፌና በክር አስቀመጠች። እትዬ ሸምሲያ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ድሮ ቁሊቶ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ የኖረች፣ ገበያው ሲዘጋ እቤት የዋለች ሴት ናት። እጇ ሲመዘገብ መቶ በመቶ ያገር ሆኖ ተገኘ። ሩቂያ ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት ሙሉ ፍየል አሳረደች።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ የግቢው ግድግዳ ቀይ አለ።

መልእክቱ ከሞያሌ የድንበር በር ነበር። ወደ ሉሳካ የሚሄዱት አርባ ጆንያዎቿ ቆመዋል። በሩ ከዚህ ሳምንት ወዲህ መኪናውን ሳይሆን እያንዳንዱን ጆንያ ለየብቻ መመዘን ጀምሯል፤ ሲመዝንም በየጆንያው ውስጥ፣ ከሃያ አምስት ኪሎው በላይ፣ ማንም ያላስመዘገበው በርበሬ አግኝቷል። ያልተመዘገበ ደግሞ ስሪቱ አይታወቅም። ስሪቱ ያልታወቀ ከታወቀው ከተቀላቀለ ሁሉም አልታወቀም። የግቢው ባለቤት እስከ ሐሙስ አስራ አንድ ሰዓት በአካል ቀርባ ካላስረዳች ማኅተሟ ይነሳል።

ሩቂያ ክው አለች። ማኅተሙ ከተነሳ ግቢው አበቃለት ማለት ነው። ግቢው ውስጥ የሚሠሩት ስምንቱ ሴቶች ወደየቤታቸው፣ እሷም ዘጠኝ ዓመት የለፋችበትን በር ዘግታ የሸረፋን ሸሚዝ ወደማጠብ። ሮጣ ሄዳ የሚሞላውን ማሽን ሦስት ጊዜ ፈተነችው። ሦስቱንም ጊዜ ሃያ አምስት ኪሎ፣ ያለ አንዲት ግራም ጉድለትና ትርፍ። ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ሁሉም ወላሂ አሉ። እትዬ ሸምሲያም ከመርፌዋ ቀና ሳትል ማሽን የሞላውን ማን ይነካዋል አለች፤ ስትለው ደግሞ የዋሸች አትመስልም ነበር።

ሐሙስ በማለዳው ባቡር ሩቂያ ሞያሌ ገባች።

ሞያሌ በር ላይ የተቀበላት ጉዮ ዋሪዮ የሚባል፣ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ዘመድ የሞላው፣ ሳቂታ ሰውዬ ነው። እሱ አይፈርድም። የሚፈርደው በሩ ነው። የጉዮ ሥራ ሰውን ለበሩ ማስረዳት ነው፤ በሩ ሰውን መረዳት ስለሚያቅተው ነው የተቀጠረው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ውሃ ሰጣት፣ የባቡሩን ድካም ጠየቃት፣ ቀጥሎም የጆንያዎቿን የውስጥ ምስል ግድግዳው ላይ ከፈተላት።

ሩቂያ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። በእያንዳንዱ ጆንያ አፍ፣ ልክ ከስፌቱ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። አርባ ጆንያ፣ አርባ ጉብታ። ማሽን የሞላው ሜዳ ሆኖ ተኝቷል፤ ጉብታዋ ግን ከላይ ጉብ ብላ ተቀምጣለች። አንዷ ዘጠና አንድ ግራም፣ አንዷ ዘጠና ሦስት፣ አብዛኞቹ ዘጠና ሁለት። መጠየቅም አላስፈለጋት።

ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ገበያ ስትሄድ እትዬ ሸምሲያ ጋ ነበር የሚገዙት። ሸምሲያ ጣሳውን ትሞላለች፣ በመዳፏ ጠርጋ ታስተካክላለች፣ እናቷ ዘንቢል ውስጥ ትገለብጣለች። እናቷ ግን አትነሳም፤ ሸምሲያም ተነሽ አትላትም። ከዚያ ያቺ ትንሽ የሸምሲያ እጅ ከክምሩ አንድ እፍኝ ዘግና ከላይ ጣል ታደርጋለች። ምራቂ። እናቷ ከዚያ በኋላ ነው ብድግ የምትለው። አንድም ቀን ሲነጋገሩበት ሰምታ አታውቅም። የሸምሲያ እጅ ሃምሳ ዓመት ሲያደርገው የኖረውን፣ ጆንያው አፉን ከፍቶ ፊቷ ሲቀመጥ፣ ሳይነግራት አድርጎታል። ለዚህ ነው ሸምሲያ ያልዋሸችው።

"ትርፉን በርበሬ የጨመረው የማን እጅ ነው?" አለ በሩ። ድምፁ ትሑት ነበር።

ጉዮ ቀስ ብሎ ነገራት። ስም ከሰጠች የተባለው እጅ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ባለ እጇ ከእንግዲህ የትም ግቢ አትገባም፣ ሩቂያ ግን ማኅተሟ ይተርፋል። ስም ካልሰጠች መዝገቡ ላይ ለትርፉ የሚሆን ዓምድ መፈለግ አለባት። ዓምድ ካጣች ማኅተሙ ይነሳል። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል።

"የእኔ እጅ ነው" አለች ሩቂያ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

በሩ መዳፏን እንድትዘረጋ ጠየቃት። ዘረጋች። የእርስዎ እፍኝ መቶ አስር ግራም ይይዛል፣ ይህ እጅ ከእርስዎ ያንሳል አለና ወደ ጥያቄው ተመለሰ። ጉዮ ሳቁ እንዳያመልጠው ወደ መስኮቱ ዞረ። ሩቂያ ደግሞ በሕይወቷ እጅሽ ትልቅ ነው ተብላ አታውቅም ነበርና፣ በዚያ ጭንቀት መሃል እንኳ ትንሽ ከፋት።

ከዚያ ዓምድ ፍለጋ ገቡ። ስህተት ነው በል አለችው ጉዮን፤ አለ። በሩ አርባ ጊዜ በአንድ ልክ የሚደገም ስህተት የለም ብሎ መለሰ። ናሙና ነው አሉ፤ ናሙና ለብቻው መታሸግ አለበት። እርዳታ ነው አሉ፤ በሩ ሉሳካ ውስጥ በርበሬ የቸገረው ሰው ስም ጠየቀ። የዋጋ ቅናሽ ነው ሊሉ ሲሉ ጉዮ ራሱ እጁን አወዛወዘ፤ ከተስማሙበት ዋጋ አሳንሶ ሸጦ የጎረቤትን ገበያ መስበር ከሁሉም የከፋው ጥፋት ነው፣ እሱን አንሥተው እንዳይሞክሩት አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ግድግዳው ላይ ያሉት አርባ ጉብታዎች ቁልጭ ብለው ያዩዋታል።

"እህቴ" አለ ጉዮ በመጨረሻ፣ "ዓምዱን ይተዉት። ለእኔ ይንገሩኝ፤ ምንድን ነው?"

"ምራቂ ነው።"

"ምራቂ የሚል ዓምድ የለም" አለ በሩ። ገዢዋ ጠይቃለች ወይ አለ። አልጠየቀችም። ተከፍሎበታል ወይ አለ። አልተከፈለበትም። ማስታወቂያ ነው ወይ አለ። አይደለም፣ ምን ብሎ ማስታወቂያ ይሆናል፣ ሩቂያ ራሷስ መኖሩን መቼ አወቀችና።

"ታዲያ ለምን ተሰጠ?"

ሩቂያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልክ ልኩን ስትልክ፣ አንድም ቀን የጎደለ ነገር አለ ብላ አስባ አታውቅም። አሁን ግን ፊቷ ቀላ፣ ተናደደችም፤ በበሩ ይሁን በራሷ አልለየላትም።

"ሰፍሮ፣ አስረክቦ፣ እንዲሁ እጅን አራግፎ መነሳት እንዴት ይሆናል?" አለች። "ሰው ነው እኮ የሚገዛው!"

በሩ ጥያቄውን ደገመ። ይህ መልሱ አልገባኝም ማለቱ እንደሆነ ጉዮ ያውቃል። ጉዮ ግን ፊቱ ተለውጧል። እናቱ ሞያሌ ገበያ የግመል ወተት ትሸጥ እንደነበር ነገራት። ከሰፈረች በኋላ እቃው ከፍ ሲል አንዴ ጠብ ታደርግበታለች፤ ከወዲያ ማዶ ያሉት ንዮንጌዛ ይሉታል፤ እሱም ልጅ ሆኖ ያቺን ጠብታ አይቶ ነው ያደገው። በሩ ላይ ሲቀጠር ያን ነገር የት እንዳደረገው እንጃ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ ገዢዋን በምስክርነት እጠራለሁ አለ። በሩ ምስክር መጥራት ዓምድ ስላለው ፈቀደ።

የሉሳካዋ ገዢ ቺላንዱ ትባላለች፤ አራት ትምህርት ቤቶችን የምታበላ፣ ክንዷ ደንዳና ሴት ናት። ከግዙፍ ድስት አጠገብ ሆና ግድግዳው ላይ ብቅ አለች። ማማሰያዋን አላስቀመጠችም። የሩቂያ ጆሮ ላይ ያለው አስተርጓሚ የምትለውን ቶሎ ቶሎ ያቀብላታል። ጉዮ ነገሩን ሲያስረዳት ግንባሯን ቋጠረች፣ ቀጥላም የምትስቅ መሰለች፣ ቀጥላም ተቆጣች።

"ይሄ ነው ያስቆማችሁ? ይሄ እኮ ምባሴላ ነው" አለች። "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በርበሬያቸው ጥሩ፣ ሰዎቹ ግን ንፉጎች ናቸው ስንል ኖረናል። ዘንድሮ የመጀመሪያውን ጆንያ ስከፍት ከላይ ጉብታዋን አየኋት። ሰው አለ ማለት ነው አልኩ። ለዚህ ነው ትእዛዙን እጥፍ ያደረግኩት።"

ሩቂያ እጥፍ የሆነው ማስታወቂያ ስላሠራች መስሏት ነበር። ለማስታወቂያው ያወጣችው ገንዘብ ትዝ አላት።

ጉዮ ጊዜ አላጠፋም። በሩ ሌሎቹን በሮች እንዲጠይቅ አመለከተ፤ አባል አገሮች የጋራ ልማድ ካላቸው ዓምድ ይከፈትለታል የሚል አንድ ያረጀ አንቀጽ እንዳለ ያውቅ ነበር። በሩ ጠየቀ። አስር ሰዓት ተኩል ላይ የሌጎስ በር መለሰ፤ እነሱ ጃራ ይሉታል። ከዚያ የዳሬሰላሙ፣ የካምፓላው፣ የማፑቶው ተከታተለ። ሁሉም ዘንድ አለ፤ ሁሉም ዘንድ ስም አለው፤ አንዳቸውም መዝገብ ላይ ግን አልነበረም። ስምምነቱን የተፈራረሙት ሰዎች ሁሉ እናቶቻቸው ገበያ ወስደዋቸው ያውቃሉ፤ ወረቀቱ ላይ ሊያሰፍሩት ግን ለማንም ትዝ አላለውም።

ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን በሩ ተናገረ። አዲስ ዓምድ ተከፍቷል። ምራቂ፤ ለሃያ አምስት ኪሎ ዘጠና ሁለት ግራም። አርባው ጆንያ ይለፍ። ማኅተሙ ይጽና።

ሩቂያ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ጉዮ ውሃ ጨመረላት፤ ብርጭቆው ከሞላም በኋላ አንድ ጊዜ ጠብ አደረገበት፤ ሁለቱም አይተው ሳቁ። በሩ ቀጥሎ ያነበበውን ግን በወጉ አልሰሙትም። ከመጪው ጭነት ጀምሮ ምራቂ ግዴታ ነው፤ በማሽን ይመዘናል፤ መስጠትን የሚያረጋግጥ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ያነሰም የበዛም ያስጠይቃል።

ቁሊቶ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀበሏት። መቶኛዋን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሸረፋም ባጥሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ጨበጣት።

በሳምንቱ ማሽኑ ተስተካከለ። ሃያ አምስት ኪሎውን ይሞላል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ በቀጭን አፉ ዘጠና ሁለት ግራም ጠብ ያደርግና ደወል ይደውላል። ጆንያው ላይ "ምራቂ ተሰጥቷል" የሚል ይለጠፋል። ሩቂያ የመጀመሪያውን ጆንያ ራሷ ተሸክማ እትዬ ሸምሲያ ፊት አቆመችላት። ስለ ሞያሌ ምንም አልነገረቻትም ነበር፤ እጇ ለሃምሳ አራት አገር መለኪያ መሆኑን አሮጊቷ አታውቅም።

እትዬ ሸምሲያ ጆንያው ውስጥ አየች። የማሽኑን ጉብታ አየች። መርፌዋን ጭኗ ላይ አኖረችና፣ አጠገቧ ካለው ገበቴ፣ ወፍጮው አፍ ላይ ከሚቀረውና መዝገቡ ብናኝ ብሎ ከሚተወው በርበሬ፣ አንድ እፍኝ ዘግና ከላይ ጣል አደረገች።

ሩቂያ የጆንያውን አፍ ያዘች። "እትዬ፣ ገብቶበታል እኮ! ማሽኑ ምራቂውን ሰጥቷል፣ ደውሏል።"

"ሰማሁት" አለች ሸምሲያ። "ያ የታዘዘው ነው። ይሄ የእኔ ነው።" ክሩንም መርፌው ውስጥ ለመክተት ወደ ብርሃኑ ዞረች።

ሩቂያ ቆመች። ማኅተሙ ፊቷ መጣ፤ በሩ፣ ቀዩ ግድግዳ፣ ስምንቱ ሴቶች ፊቷ መጡ። አሮጊቷን ተዪ ልትል አፏን ከፈተች፤ ያቺን ትንሽ እጅ አየችና ዘጋችው። ከዚያ ጆንያውን መልሳ አነሣች፣ አፉ በደንብ አልተጣጠፈም ብላ ወደ ማሽኑ ጀርባ ወሰደችው፣ ግራ ቀኟን አየች፣ ከሸምሲያ እፍኝ ሥር፣ ማሽኑ ከሞላው፣ አንድ እፍኝ ዘገነች። እጇ ትልቅ መሆኑ ትዝ ሲላት ጣቶቿን ሰብሰብ አደረገች። ሚዛኑ ላይ ስታወጣው ጆንያው ልክ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው እንዲህ ሆኗል። ማሽኑ የታዘዘውን ይጨምራል፣ ሩቂያ ከጀርባ ትቀንሳለች፣ ሸምሲያ የራሷን ትሰጣለች፣ በሩ መዝኖ ያሳልፋል። ሸምሲያ ሩቂያ ለምን ጆንያ በሙሉ በማሽኑ ጀርባ እንደምታዞር ጠይቃት አታውቅም። የተቀነሰው ጣሳ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጣሳው ሲሞላ ደግሞ ባጥሩ ላይ ለሸረፋ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ጣሳ እቤት የገባ ቀን ሩቂያ ምሳ ወጥ ሠራች። ሸረፋ አንድ ጊዜ ጎረሰና ማኘክ አቆመ። እንደገና ጎረሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከማቃጠሉም ነው፣ ከሌላም ነው። ዘጠኝ ዓመት የማላዊውን ሲበላ ኖሮ ምላሱ ረስቶታል።

"አንቺ" አለ፣ "ይሄ በርበሬ የየት አገር ነው?"

ሩቂያ ከድስቱ አንድ ጭልፋ ጨመረችለት፤ ጭልፋዋን ከፍ አድርጋም ትንሽ ጠብ አደረገችበት።

"ብላ እንግዲህ" አለችው። "ስሪቱ አይታወቅም።"